ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ፦ ኢንቨርተር ያለው የኪራይ መኪና

ከሜሪላንድ ስመጣ እናቴን ይዤ አርባ ምንጭ ለመውረድ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራየሁ። እናቴ አስም አለባት፤ መድኃኒቱን አትንኖ የሚያስተነፍሳት መሣሪያ፣ ኔቡላይዘሯ፣ በመብራት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር ዕቃ፣ ያለው መኪና ጠየቅኩ። አከራዩ «አለው፣ ምንም አታስቢ» አለኝ። መኪናው ንጹሕ ነበር። ሹፌሩ ሰው አክባሪ ነው፤ ፍጥነት አያበዛም፣ ከመሸ አይነዳም። ለእሱ ሙሉ ነጥብ። ቅሬታዬ ኢንቨርተሩ ላይ ነው።

ባለ 300 ዋት ነው፤ የተሰካው ግን የሲጋራ መለኮሻው ላይ። ሒሳቡ አይገጥምም። በ12 ቮልት ባትሪ 300 ዋት ለማውጣት ቢያንስ 25 አምፔር ይስባል። የመለኮሻው ፊውዝ (ኤሌክትሪክ ሲበዛ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድነው) ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ነው፤ ቢበዛ 180 ዋት ቢሸከም ነው። ዝዋይን እንዳለፍን የእናቴ መሣሪያና ላፕቶፑ አብረው ሲሠሩ ሶኬቱ ጋለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሹፌሩ ወዲያው አቁሞ ነቀለው።

ሐዋሳ ስንደርስ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ጋ ወሰደን። እኚህን ሰው ከልቤ አመሰግናለሁ። የፊውዝ ሳጥኑን ከፍተው አሳዩኝ። 15 መሆን ያለበት ቦታ ላይ 30 አምፔር ተሰክቷል። «ፊውዙ ሲቃጠልባቸው ተለቅ ያለ ከተቱበት። አሁን የሚቃጠለው ሽቦው ነው» አሉኝ። ፊውዙን ወደ 15 መለሱት። ለኢንቨርተሩ ከባትሪው ራሱ ወፍራም ሽቦ ዘረጉ፤ በፖዘቲቩ በኩል እዚያው ባትሪው አጠገብ የራሱን ፊውዝ አደረጉለት። ሽቦው ብረት እንዳይፍቀው በጎማ ቱቦ ሸፈኑት። ከምንጣፍ ሥር የነበረውን ኢንቨርተርም አየር የሚያገኝበት ቦታ አሰሩት። ዋጋውን ቀድመው ነገሩኝ፣ በኋላም አልጨመሩም።

ኔቡላይዘሩ ግን አሁንም ያጉረመርም ነበር። ርካሽ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ እንደ ቤቱ መብራት ለስላሳ አይደለም፤ ሞተር ያለው ዕቃ በዚያ ይጮኻል፣ ይሞቃል። ለሕክምና መሣሪያ ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣውን፣ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚባለውን ብቻ ጠይቁ። እናቴ ከዚያ በኋላ የተጠቀመችው ሆቴል ውስጥ ነው፤ የአርባ ምንጩ ሆቴል ጄኔሬተር መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይነሳል።

ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ካለ ብዙ ጊዜ ባትሪው ወደ 11 ቮልት ወርዷል ማለት ነው። ሞተሩን አስነሱ፤ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን በፍጹም፣ ጭሱ ይገድላል። ሞተሩ እየሠራም ከጮኸ ብዙ ጊዜ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ላልቷል። ኢንቨርተሩ ግሎ ከጠፋ ንቀሉትና ይቀዝቅዝ። ከአሜሪካ የምትመጡ፣ ዕቃችሁ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ከሌለ አትሰኩት፤ እዚህ የሚወጣው 220 ቮልት ነው። ብዙ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ደግሞ ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ የ12 ቮልት ኢንቨርተራችሁን እዚያ ብትሰኩት ይበላሻል።

ስንመለስ አከራዩ የኤሌክትሪሽያኑን ክፍያ ከኪራዩ ላይ ቀነሰልኝ። ይህ ያስመሰግነዋል። ያንን ባለ 30 ፊውዝ ማን እንደከተተው፣ ሌሎቹ መኪኖቻቸውም ታይተው እንደሆነ ጠይቄ ግን መልስ አላገኘሁም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከእነሱ መኪና አልከራይም።