«ገብቶዎታል?» የማትለዋ ሲስተር

እናቴ ጥር ላይ የቀኝ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ ከብብቷ ሥርም ዕጢዎች ተወሰዱ። ሐኪሞቹን በአካል ሄደን አመስግነናል። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ነርስ ነው። «ስሜን እንዳትጠሪ» ብላኛለችና ሲስተር ብቻ እላታለሁ። አብረዋት የሚሠሩ ግን ያውቋታል፤ የከርከዴዋ ሲስተር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ታካሚን ስለማስተማር የተሰጠ ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ ለራሷ ይዛው አልተቀመጠችም። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ሲል ወጣቶቹን ነርሶች ሰብስባ፣ የድሬይኑ (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) መያዣ ውስጥ ከርከዴ ጨምራ ታለማምዳቸዋለች። ውሃ እያከለች ፈሳሹ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እየፈዘዘ መሄድ እንዳለበት ታሳያለች። አንዷ ታካሚ፣ አንዷ አስተማሪ ይሆናሉ። ታካሚ ለሆነችዋ «እንደ እናቶቻችን ሁኚ፣ ለሁሉም እሺ በይ» ስትላት ሰምቼ ሳቄ መጣ። እውነቷን እኮ ነው። «ገብቶዎታል?» ተብላ «አልገባኝም» የምትል እናት የት አለች? ነርሷን ማድከም ነውር ይመስላታል። ስለዚህ ሲስተር ያንን ጥያቄ አስቀርታዋለች። «እማማ፣ እኔ ጨርሻለሁ፤ አሁን ደግሞ እርስዎ ያሳዩኝ» ነው የምትለው።

እናቴ ሦስት ጊዜ አሳየች። እጇን ታጠበች፣ መያዣውን ከፈተች፣ ፈሳሹን በመድኃኒት መለኪያዋ ኩባያ ቀዳች፣ መያዣውን ጨምቃ አየሩን አስወጥታ ዘጋች። ሁለት ጊዜ ሳትጨምቀው ዘግታዋለች፤ ማንም አልተቆጣትም። ማታ የገባችው ተረኛ ልጅም በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ደገመችላት። እማዬ የፊደል ነገር አይሆንላትም፤ ኩባያዋ ግን 30 ሚሊ ሊትር ስለምትይዝ «የጠዋቱና የማታው ተደምሮ ይቺን ካልሞላ ደውሉልኝ፣ ቱቦው የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው» ተባለች። ቤት ከገባን በኋላ በየማታው «ዛሬም ሲኒዋ ሞላች» ትለኝ ነበር። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ደግሞ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመጣ ተነግሮናል።

የእኔ ትልቁ ፍርሃት ክንዷ ነበር። አክስቴ ከዓመታት በፊት ይህንኑ ሕክምና ሌላ ቦታ ስታደርግ «ራስሽን ጠብቂ» ከመባል በቀር የነገራት አልነበረም። ጠያቂ ሁሉ «እንዳታነሺው፣ ይከፈትብሻል» ሲላት ክንዷን በነጠላ አስራ ከረመች። ያን ጊዜ ጨረር የሚሰጠው በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ተራዋ ደርሶ ስትሄድ ትከሻዋ ደርቆ ክንዷን ከራሷ በላይ አንስታ መተኛት አቃታት። ለጡት ጨረር እንደዚያ ተደርጎ እንደሚተኛ እንኳ የነገራት አልነበረም።

ሲስተር ግን ገና በማግስቱ እጇን እየጨበጠች እንድትዘረጋ አስጀመረቻት። ፀጉሯን በዚያው እጅ እንድታበጥር፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ ደግሞ በጣቶቿ ግድግዳውን እየቧጠጠች ሽቅብ እንድትወጣና የደረሰችበትን በጠመኔ እንድታሰምር አዘዘቻት። የደም ግፊትና መርፌ በግራ ክንድ እንዲሆን፣ ምጣድ አጠገብ እንዳትደርስ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ጓንት እንድታደርግም ነገረቻት። ጓንቱን እማዬ እስከ ዛሬ አልወደደችውም።

አንድ ቀን ደግሞ እኔን ከክፍሉ አስወጣችኝ። ለብቻቸው ምን እንዳወሩ አላውቅም። ስመለስ እናቴ ቁስሏን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስታወት አይታ፣ ለጡት ማስያዣዋ ከጥጥ የሚሠራውን ማስመሰያ መጠን እየተለካች ነበር።

እንከንም አለው። የሚታደለው ወረቀት ሐኪም ለሐኪም የጻፈው ይመስላል፤ ሲስተር ራሷ በእስክሪብቶ ግማሹን ሰርዛ ነው የሰጠችን። ስልኳም ሁልጊዜ አይነሳም፣ ሥራ ላይ ናት።

ሰው የምታስታምሙ፣ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «ቱቦውንና ክንዱን የምታስተምር ነርስ ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ታካሚዋም በገዛ እጇ ታሳይ። የሆስፒታል ኃላፊዎች ብታነቡት ደግሞ፣ እንዲህ ያለችውን ሲስተር ለማሠልጠኛ የሚሆን ጊዜ ስጧት፤ እስካሁን ከምሳ ሰዓቷ እየቆረጠች ነው።

እማዬ ጨረሯን ክንዷን አንስታ ጨርሳለች። የጠመኔው መስመር ከካላንደሩ በላይ አልፏል። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ቀለም ሊቀባ የመጣውን ልጅ «እዚያ ግድግዳ ጋ እንዳትደርስ» ብላ መለሰችው።