ለቆላ ጉዞ የሚሆን የጀርባ ቦርሳ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት ተሸክሜ ያየሁት

ለቆላ ጉዞ ቦርሳ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት ጀርባ ላይ የሚያርፈውን ወገን ነው። ስንት ሊትር ይይዛል፣ ስንት ኪስ አለው የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የእኔው 48 ሊትር የሚይዝ፣ ባዶውን 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ጀርባው ከተወጠረ መረብ የተሠራ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ግንቦት ሙቀት ድረስ በዓባይ በረሃ፣ በአዋሽ ዙሪያ፣ እንዲሁም ከሰሜን ተራሮች ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው መንገድ ተሸክሜዋለሁ።

መረቡ በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል። በተሸካሚው ጀርባና በጓዙ መካከል አራት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ስለሚኖር ነፋስ ያልፍበታል። ይህን አሠራር የጀርመኑ ቦርሳ አምራች ዶይተር እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ አቅርቦታል፤ ዛሬ ብዙ አምራቾች በየራሳቸው መንገድ ይሠሩታል። ጥቅሙ ከምቾት ያለፈ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ጀርባ ላይ ሲለጠፍ ግን ላቡ መውጫ አጥቶ ወደ ወገብ ይወርዳል። ተጓዡ ውሃውን ያጣል፣ ቅዝቃዜውን ግን አያገኝም። ውሃ በትከሻ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ልዩነቱን አጥርቼ ያየሁት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስወርድ ነው። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀቱ በየሰዓቱ ይጨምራል። ዕረፍት በወጣሁ ቁጥር የሸሚዜን ጀርባ በእጄ እዳስሰው ነበር፦ መሐሉ ደረቅ ወይም ለብ ያለ እርጥብ ነው፤ ማንገቻውና የወገብ መታጠቂያው ያረፉበት ግን ተጨምቆ የወጣ ይመስላል። መረቡ እዚያ ስለማይደርስ ከዚህ በላይ መጠበቅ አይገባም። ከሸለቆው ሥር ነፋስ ሲቆምም ጥቅሙ በግልጽ ይቀንሳል።

ክፍተቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ጓዙ ከጀርባ ስለሚርቅ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ በቁልቁለትም ያወዛውዛል። ስለዚህ የውሃው አቀማመጥ ወሳኝ ነው። በቆላ ጠዋት ስነሳ 4 ሊትር እይዛለሁ፤ ይህ ብቻውን 4 ኪሎ ነው። አብዛኛውን በውሃ ከረጢት አድርጌ በውስጠኛው ኪስ፣ ለመረቡ በቀረበው በኩል፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። በጎን ኪስ የማደርገው እየሄድኩ የምጠጣትን ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች በጎን አንጠልጥሎ ወደ አዲ አርቃይ መውረድ ወገብንም ጉልበትንም ይጎዳል።

ጠቅላላ ክብደቱ ከ12 ኪሎ ሲያልፍ ዘንጉ ይለመጣል፣ መረቡም ረግቦ ክፍተቱ ይጠባል፤ ያን ጊዜ ቦርሳው የተገዛበት ምክንያት ይቀራል። በሰሜን ተራሮች እንደተለመደው ድንኳኑንና ስንቁን በቅሎ ከተሸከመ 48 ሊትር ይተርፋል። 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው፣ ጨነቅ በተባለው የድንኳን ሰፈር ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ልብስ መያዝ ግድ ነው፤ ቆላ ሲደረስ ያ ሁሉ ልብስ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ለዚያም ቦታ አላጣሁም። የዘንጉ ጉብጠት ግን የውስጡን ቦታ ስለሚያጣምመው እንደ ድስት ያለ ድርቅ ያለ ዕቃ ለማስገባት ያስቸግራል።

ያላረካኝ የጎን ኪሱ ነው። የተሠራው ከሚለጠጥ ስስ መረብ ስለሆነ ለእሾህ አይሆንም። ቀንጠፋ አንድ ጊዜ ከያዘ አይለቅም፤ መንጥቄ ሳልፍ ኪሱ በሦስት ጣት ስፋት ተቀደደ። ልብስ ሰፊው ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ቆርጦ ውስጡን ደረበበት፣ በወፍራም የናይለን ክርም ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ወዲህ ያ ወገን ከፋብሪካው ከወጣው ይበልጥ ጠንካራ ነው። የቦርሳው ዋና ጨርቅ ግን በአዋሽ ግራር መካከል ሲታከክ ከርሞ እንኳ ጭረት እንጂ ቀዳዳ የለውም። ዚፑ በአቧራ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስጠርገው ይፈታል።

ላብ ሲደርቅ ማንገቻው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይተዋል፤ ካልታጠበ ጨርቁ እየደረቀ ትከሻን ይልጣል። ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና አጥቤ ጥላ ሥር አሰጣዋለሁ፤ ፀሐይ ናይለንን ታደክመዋለች። ሳይደርቅ በሞቀ ክፍል ከተቀመጠ ደግሞ ውኃ እንዳያስገባ በውስጥ የተቀባው ሽፋን መጣበቅ ይጀምራል፣ ኋላም ይላጣል።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቁመቱን ሳይሆን የጀርባውን ርዝመት ይለካ፦ አንገት ሲጎነበስ ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት ተነሥቶ ከዳሌ አጥንት ጫፍ ጋር እስከሚተካከለው ቦታ። መታጠቂያው ዳሌ ላይ ካላረፈ ክብደቱ ሁሉ ትከሻ ላይ ይቀራል፣ መረቡም ያለ ቦታው ይወጠራል። ሱቅ ውስጥ ባዶውን ማንገት ምንም አይነግርም፤ 10 ኪሎ የሚሆን ዕቃ አስገብቶ ደረጃ ወጥቶ መውረድ ያስፈልጋል።

15 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚሸከም ሰው ይህን ዓይነት አልመክርም፤ አየር ማስተላለፊያ ቦይ ያለው፣ ከጀርባ የማይርቅ የስፖንጅ ጀርባ ይሻለዋል። ቀለል አድርጎ በሙቀት ረጅም መንገድ ለሚሄድ ግን ይህን እመርጣለሁ። እኔም ሌላ ብገዛ ያው የመረብ ጀርባ ይሆናል፤ የጎን ኪሱ ግን ከድፍን ጨርቅ የተሰፋ እንዲሆን እፈልጋለሁ።