ጓንዡ ላላችሁ ወገኖች፦ እኚህን ሐኪም ሳላመሰግን አላልፍም

እዚህ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ የምትኖሩም፣ ለዕቃ የምትመላለሱም፣ ይቺን አንብቡልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። አዲስ አበባ እያለሁ በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነበር የሚነሳብኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን የመጋቢትና የሚያዝያ እርጥበት ፈጀኝ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ የታጠበ ልብስ አልደርቅ ይላል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ጃኬት ሳይቀር ይሻግታል። ሌሊቱን ትራስ ተደግፌ፣ ተቀምጬ ነበር የማነጋው።

በዚያ ጭንቀት ላይ አንድ ሰው የባህል መድኃኒት ነው ብሎ ዱቄት ሸጠልኝ፣ የምስበውን መድኃኒትም ተወው አለኝ። ተውኩት። በአምስተኛው ሌሊት ጓደኞቼ ደግፈው ድንገተኛ ክፍል አደረሱኝ። ከዚያ በኋላ የባህል ሕክምና የሚል ሰው ማየት አልፈልግም ነበር።

የቤት ጓደኛዬ ግን አልለቀቀኝም። ዳዴ ጎዳና ላይ ወዳለው የጓንግዶንግ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል ይዞኝ ሄደ። ከ1933 ጀምሮ ያለ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፣ ራጁም ላቦራቶሪውም እዚያው ነው።

ያዩኝ ሐኪም በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ሦስት ጣታቸውን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። ቀኙን ጨርሰው ግራውን ያዙ። ምላሴን አዩ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ አክታው ነጭ ነው ቢጫ፣ ሌሊት ያልብሃል ወይ፣ ሆድህስ አይደርቅም? (ሳንባና ትልቁ አንጀት በእነሱ ሕክምና ጥንድ ናቸው፣ ለዚህ ነው ስለ ሆዴ የጠየቁኝ።) ቤት ውስጥ ጭስ አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኩ። የምታስተረጉምልኝ ልጅ ዞር ብላ "እሑድ ቡና ስታፈሉ እጣን አታጨሱም እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያውም መስኮት ዘግተን። እሳቸው ሲነገራቸው እስክሪብቶውን አስቀመጡና እጣኑ ይቅርብህ፣ መስኮቱንም ክፈቱ አሉኝ።

ልቤን የነካኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለቆየ መጀመሪያ ራጅና የቲቢ ምርመራ ይደረግ፣ ውጤቱን ሳላይ አንዲት ቅጠል አልሰጥም አሉ። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ያኔም ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ የምስበውን መድኃኒት አንድም ቀን እንዳላቋርጥ። የእኔ ሥራ ከጎኑ የሚሄድ ነው፣ አስም ነቅዬ አወጣለሁ ብዬ አልዋሽህም አሉኝ። ከዚያ የዱቄት ነጋዴ በኋላ ይህን መስማት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ሐምሌ ላይ ቀጠሩኝ። አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ ሙቀቱ የሚያቃጥልበት ወቅት ነው። የብርድ ወቅትን በሽታ በሙቀት ወቅት ማከም የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው። ዣንግ ሉ የሚባል ሐኪም በ1600ዎቹ መጨረሻ ጽፎት ይገኛል። ነጭ ሰናፍጭና ሌሎች ዕፅዋት ተፈጭተው በዝንጅብል ጭማቂ ይለወሳሉ፣ ከዚያ ጀርባ ላይ፣ በተለይ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ይለጠፋል። በ10 ቀን ልዩነት፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። የእኛው ሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ይለበልባል፣ አንዱ ቦታ ውሃ ቋጥሮብኛል። ካቃጠለህ ሰዓት አትጠብቅ፣ ወዲያው አንሳው ብለውኝ ስለነበር ቶሎ አነሳሁት። መስከረምና ጥቅምት ላይ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ፒር የሚባለውን ፍራፍሬ በስኳር ቀቅዬ እንድጠጣ አዘዙኝ፣ ሳንባ ድርቀት ይጠላል ይላሉ። ይሄኛውን ወድጄዋለሁ።

አሁንም አስም አለብኝ። መድኃኒቴንም እስባለሁ። ግን ዘንድሮ እርጥበቱ ሲመጣ ተኝቼ ነው ያደርኩት፣ ድንገተኛ ክፍልም አልረገጥኩም። ልጥፉ ይሁን፣ እጣኑን መተዌ ይሁን፣ መድኃኒቱን በሥርዓት መውሰዴ ይሁን ለይቼ አልነግራችሁም፤ ሦስቱንም ያስያዙኝ ግን እኚህ ሴት ናቸው። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። አንቺም አስተርጓሚዬ፣ ከትምህርትሽ ቀርተሽ ለዋልሽልኝ ቀን ውለታሽን አልረሳም።

መሄድ የምትፈልጉ ፓስፖርት ያዙ፣ ቻይንኛ የሚችል ሰው አስከትሉ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ አሳዩአቸው። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ፣ ልጥፉ ሳይደረግላችሁ በፊት ንገሯቸው። የሐኪሟን ስም ሳላስፈቅዳቸው እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። የሐምሌው ሰልፍ ረጅም ነው፣ በጠዋት ኑ።