አዳማ ዳርቻ ያስጠናነው የከርሰ ምድር ጥናት፦ ጥሩ የመስክ ሥራ፣ የጎደለው ሪፖርት

ማኅበራችን ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር የወተት ላሞች የሚያረባበት ይዞታ አለው። ያለ ጥናት ያስቆፈርነው የመጀመሪያ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ ገንዘባችንን ስለበላው፣ ሁለተኛውን ከማስቆፈራችን በፊት አንድ የግል የጂኦፊዚክስ ድርጅት (መሬትን ሳይቆፍር ውስጡን በመሣሪያ የሚመረምር) ቦታውን እንዲያጠናልን ተዋዋልን። ይህን ግምገማ የምጽፈው ተመሳሳይ ውል ሊፈርሙ ላሰቡ ሁሉ ነው።

አዳማና አካባቢዋ የሚገኙት በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ የወንጂ የስብራት ቀበቶ በሚባለው ቀጠና ነው። የሸለቆውን ጠርዝ የሠሩት ትልልቅ ስብራቶች በዚህ ክፍል መንቀሳቀስ የጀመሩት ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ወለሉን እየሰነጠቁ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ የሚያመሩት የወንጂ ስብራቶች ግን የ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. ኢግል በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት በፍንዳታ የተፈጠሩ ሞገዶች የምድርን ቅርፊት እስከ ሥሩ ሲመረምሩ፣ ከእነዚህ ስብራቶች ሥር ሰርጎ የጠጠረ የቅልጥ ዓለት መኖሩን አመልክተዋል። የእኛ ጥያቄ ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ 200 ሜትር እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ሆኖም መልሱ የተንጠለጠለው በእነዚሁ ስብራቶች ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዓለቱ የተሰባበረበት ቦታ ውኃ ያሳልፋል፣ ያልተሰነጠቀ ኢግኒምብራይት (ከእሳተ ገሞራ ትኩስ አመድ የተጋገረ ዓለት) ግን አያሳልፍም።

ባለሙያው ገና በመጀመሪያው ቀን እምነቴን ያገኙት የመለኪያውን መስመር በመንገዱ ዳር እንዲዘረጉልን የጠየቅነውን ባለመቀበላቸው ነው። «ስብራቱን የምናገኘው ስናቋርጠው እንጂ አብረነው ስንሄድ አይደለም» አሉንና መስመሩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ በጎረቤት ማሳ ጭምር አስፈቅደው ዘረጉት። 48 የብረት ካስማዎች በየ10 ሜትሩ ተተከሉ፤ በሁለቱ በኩል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይገባል፣ በሌሎች ሁለት ደግሞ ቮልቴጁ ይለካል። የላዩ አፈር ደረቅ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሆነ ንባቡ አልረጋ አለ። ረዳቱ ወጣት በየካስማው ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ቢያፈስም «ጋሼ፣ ይኼ መሬት አይጠግብም» እያለ ጀሪካኑን ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ንባቡ እስኪስተካከልም ወደሚቀጥለው ካስማ አላለፈም። የመሬቱን የማግኔት ኃይል የሚለካውን መሣሪያ፣ ማግኔቶሜትሩን፣ የያዘው ባለሙያም ቀበቶውንና ስልኩን አስቀምጦ፣ ከቆርቆሮ በረታችንና ከመብራት መስመሩ ርቆ ነው የለካው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ባይደረግ ኖሮ የቆርቆሮውን ማግኔት ስብራት ነው ብለን እንቆፍር ነበር።

በውጤቱ ምስል ላይ ከ260 እስከ 300 ሜትር ባለው ርቀት የመሬቱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ድንገት ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ያለው ጠንካራ ንብርብርም በአንድ ከፍታ አይገናኝም፣ የምሥራቁ ወርዷል። ዝቅተኛ ተቃውሞ ውኃ፣ ሸክላ ወይም ጨዋማ ፍል ውኃ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ጽፈዋል፤ ይህን ሐቀኝነት ከሁሉ በላይ አደንቃለሁ። የ470 ሜትር መስመር የሚያሳየው እስከ 90 ሜትር ግድም ጥልቀት ብቻ ስለሆነም፣ ካስማዎቹን ከመሐሉ በሁለቱም ወገን እስከ 500 ሜትር እያራቁ ሌላ ልኬት ጨመሩ። ጉድጓዱ በተፈጨና በሸክላ በተሞላው ስብራት ላይ ሳይሆን ከእርሱ በስተምሥራቅ፣ በወረደው ወገን እንዲቆፈር መከሩን። ቆፈርን፤ ውኃም ወጣ።

ቅሬታዬ ከመስክ ሥራው በኋላ ባለው ላይ ነው። ሪፖርቱ ከተባለው ቀን ሦስት ሳምንት ዘግይቶ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ መጣ፤ ጥሬ መረጃውንም ያገኘነው በሁለተኛ ደብዳቤ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ስለ ፍሎራይድ አንድ ቃል አለመጻፉ ነው። የኤሌክትሪክ ልኬት ፍሎራይድን እንደማያሳይ ይገባኛል፤ ሆኖም በወንጂ የሰው ጥርስና አጥንት በፍሎራይድ መጎዳቱ ከጥንት የታወቀ ስለሆነ ማስጠንቀቅ ይገባ ነበር። ውኃችን ሲመረመር በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሆነው የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን አልፎ ተገኘ። አሁን በረት እናጥብበታለን፤ የምንጠጣውን ከከተማ እናስመጣለን።

ክፍያው ለቁፋሮ ካወጣነው አንድ አሥረኛውን አይሞላም፤ ከደረቁ ጉድጓድ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ኢምንት ነው። ለሌላው ይዞታችንም እነዚሁን ባለሙያዎች ልንጠራ ወስነናል፤ በአዲሱ ውል ላይ ግን የአማርኛ ማጠቃለያ፣ የጥሬ መረጃ ርክክብና የማስረከቢያ ቀን አስገብተናል፤ በቅርብ ካሉ ጉድጓዶች የተወሰደ የውኃ ናሙና ምርመራም መስመሩ ከመዘርጋቱ በፊት እንዲቀርብ ጠይቀናል።