ካውንስለሩ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፦ የታዳጊዎች የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ሲመዘን

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ማእከል ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡ ታዳጊዎችን በሚቀበል የአፍተር ስኩል ፕሮግራም ከተቀጠርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ የቤት ሥራ ማሠራት፣ መክሰስ ማደል፣ በጆተኒ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚነሣውን ጠብ ማብረድና ወላጅ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ አብረውኝ ከሚሠሩትም አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ወይም እንደ እኔ ይህን ሁለተኛ ሥራ አድርገው የያዙ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ያህል ከእኛ ጋር ስለሚያሳልፉ፣ አንድ ልጅ ከወትሮው ሲለወጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ለእኛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ማእከላችን ሠራተኞቹን በሙሉ ‹ዩዝ ሜንታል ኸልዝ ፈርስት ኤይድ› ወደሚባለው ሥልጠና ላከን። ምስክር ወረቀቱን ይዤ ሁለት የትምህርት ዘመን ከሠራሁ በኋላ ስለ ሥልጠናው ያለኝን ሚዛን ማስፈር ፈለግሁ፤ በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ አበሾች ይህን ሥልጠና ውሰዱ ሲባሉ ምን እንደሚጠብቃቸው ይጠይቁኛልና።

ሥልጠናው መሠረቱ አውስትራሊያ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መግቢያ ላይ ነርሷ ቤቲ ኪችነርና ባለቤቷ ፕሮፌሰር አንቶኒ ጆርም፣ ለተሰበረ እጅና ለሚደማ ቁስል የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ተራ ሰው ካለ ለተጨነቀ አእምሮስ ለምን አይኖርም ከሚል ሐሳብ ተነሥተው አዘጋጁት። በ2008 ወደ አሜሪካ ገባ፤ ታዳጊዎችን የሚመለከተው ዘርፍ ደግሞ በ2012 ተጀመረ። ዛሬ በዚህ አገር የሚመራው ናሽናል ካውንስል ፎር ሜንታል ዌልቢይንግ በተባለው ድርጅት ነው። ሙሉ በሙሉ በአካል በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፤ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል የሚወስደውን ንባብና ቪዲዮ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በራሱ ጊዜ በኮምፒውተር ጨርሶ፣ ቀሪውን ከአሠልጣኝ ጋር በቪዲዮ ወይም በአካል ይማራል። ምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። በብዙ የቨርጂኒያ አካባቢዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ቦርዶች የሚባሉት የየአካባቢው የሕዝብ የአእምሮ ጤና ተቋማት በነፃ ስለሚሰጡት፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት እዚያ መጠየቅ ይበጃል።

የሥልጠናው ጀርባ አጥንት አምስት ተግባራት ናቸው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ ‹አልጂ› የሚል ስም ያወጣሉ፤ ለስሙም የአውስትራሊያን ትውልዱን የሚያስታውስ የኮዋላ ምስል ተሰጥቶታል፣ ለአዋቂ ሰው ትንሽ የሕፃን ጨዋታ ቢመስልም ከአእምሮ ግን አይጠፋም። ልጁ ራሱን ለማጥፋት ወይም ለመጉዳት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ መሆኑን መመዘን፣ ሳይፈርዱ ማዳመጥ፣ ማረጋጋትና እውነተኛ መረጃ መስጠት፣ ወደ ባለሙያ እንዲሄድ ማበረታታት፣ በመጨረሻም ራሱን በሚያግዝበት መንገድና በቤተሰብ፣ በጓደኛ፣ በእምነት ተቋም ድጋፍ ላይ መነጋገር ናቸው። በቅደም ተከተል መሄድ ግዴታ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደጋግሞ የሚነገረው ነገር የበሽታውን ስም የማውጣት ሥልጣን የሌለን መሆኑ ነው፤ ያየነውን እንናገራለን እንጂ ድብርት ነው፣ ጭንቀት ነው ብለን አንፈርድም።

በአማርኛ ለምናስብ ሰዎች ትልቁ ትምህርት፣ ቢያንስ ለእኔ፣ የሦስተኛው ተግባር ቦታ ነበር። እኛ ለለቅሶ ቤትም፣ ለፈተና ለወደቀም፣ ተደናቅፎ ለተነሣ ሕፃንም የምንሰጠው አንድ መድኃኒት አለን፤ እርሱም ‹አይዞህ› ነው። ቃሉ ደግ ነው፤ ነገር ግን ልጁ አፉን እንደከፈተ ከተወረወረ ‹በቃህ፣ ገባኝ› ከማለት አይለይም። በልምምዱ ላይ አብራኝ የተመደበችው ሴት የተጨነቀች ተማሪ ሆና ስታወራኝ፣ ሁለተኛ ዐረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ በእንግሊዝኛ ‹ይሻልሻል› ብዬ እንዳቋረጥኋት ነገረችኝ። እኔ ያዳመጥሁ መስሎኝ ነበር። ማጽናናት ከመስማት በኋላ እንጂ በፊት እንደማይመጣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያች ሴት ፊት ተማርሁ፤ ዛሬም አይዞህ እላለሁ፣ ግን ወሬው ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ክፍል ነው። አሠልጣኟ እያንዳንዳችን ‹ራስህን ለማጥፋት እያሰብህ ነው?› የሚለውን ጥያቄ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንድንጠይቅ አደረገችን። የመጀመሪያውን ጊዜ ጥያቄውን ለጠረጴዛው ነበር የጠየቅሁት ማለት ይቻላል። ጉዳዩን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ራስ ውስጥ እንደማይዘራ ጥናቶች ያሳያሉ፤ እኛ ግን ያደግነው የክፉ ነገር ስም ከተጠራ ይመጣል በሚባልበት ቤት ስለሆነ፣ ይህን በእውቀት መቀበልና በአፍ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥልጠናው ምንም ሌላ ነገር ባይሰጥ፣ ይህን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ማስባሉ ብቻ የቀኑን ድካም ይክሳል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል በ2023 ባደረገው የወጣቶች ዳሰሳ 40 በመቶ የሚሆኑት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያልተቋረጠ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ እንደተሰማቸው፣ ከአምስቱም አንዱ ራስን ስለማጥፋት በብርቱ እንዳሰበ ተናግረዋል። ጥያቄው ለእኛ ሥራ ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

ሥልጠናው የሚያጥረው የት እንደሆነ ያወቅሁት በክፍል ውስጥ አይደለም። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለውጬ ልናገር። ከጆተኒው የማይለይ የነበረ የ13 ዓመት ልጅ ለሦስት ሳምንት ያህል ኮቱን ሳያወልቅ ጥግ ይዞ መቀመጥ ጀመረ። ተምሬ ነበርና፣ ‹ምን ሆነሃል?› ከማለት ይልቅ ያየሁትን ነገርሁት፤ እንደማይጫወት፣ እንደማይበላ፣ ዓይኑ እንደደከመ። ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ ‹የትም ባልኖር ደስ ይለኛል› አለኝ። ጥያቄውን ጠየቅሁት። ያሰበበት ጊዜ እንዳለ፣ እንዴት እንደሚያደርገው ግን እንዳላሰበ ነገረኝ። ሰዓቱ እዚህ 5፡40፣ በአገር ቤት አቆጣጠር አመሻሹ 11፡40 ነበር። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ከሄደ ቆይቷል፣ የእኛም ኃላፊ ፈቃድ ላይ ነበረች፣ እናቱ አውቶቡስ ላይ ናት። ‹ወደ ተገቢው ባለሙያ እንዲሄድ አበረታቱ› የሚለው አራተኛው ተግባር በዚያች ሰዓት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ በር ይመስል ነበር።

ያዳነኝ ከክፍል የያዝሁት አንድ መረጃ ነው፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራው 988 የሚባለው ራስን የማጥፋት ስጋትና የአእምሮ ጭንቀት የእርዳታ ስልክ መስመር የሚያገለግለው ለተጨነቀው ሰው ብቻ ሳይሆን ለእርሱ ለተጨነቀም ጭምር ነው። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ፈቃዱን ጠይቄ ደወልሁ፤ መስመሩ ላይ ያለችው ሴት ምን እንደምጠይቀውና እናቱ እስክትመጣ ብቻውን እንዳልተወው ነገረችኝ። ሥልጠናው ይህን ቁጥር ሰጥቶኛልና አላማርረውም። ጥፋቱ የራሳችን የማእከላችን ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በመጀመሪያ ለማን፣ በሁለተኛ ለማን ይደወላል፣ ሌሎቹን ሃያ ልጆች ማን ይጠብቃል የሚል የተጻፈ አንድ ገጽ አልነበረንም። ሠራተኛን አሠልጥኖ ሥርዓቱን ሳያዘጋጁ መተው፣ እሳት ማጥፊያ ገዝቶ መጋዘን ውስጥ ቆልፎ እንደማስቀመጥ ነው።

እናቱ ስትመጣ ሌላ ሥልጠና የሚያስፈልገው ወሬ ተጀመረ፤ ምክንያቱም ወሬው በአማርኛ ነበር። ‹የአእምሮ› የሚለውን ቃል እንዳነሣሁ ‹ወንድሜ፣ ልጄ እኮ እብድ አይደለም› አለችኝ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ‹አማኑኤል› የሚለው ስም ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ስድብም ሆኖ እንደሚያገለግል ያውቃል፤ እርሷም የሰማችው እርሱን ነው። እዚህ ላይ ግን የበሽታ ስም አታውጡ የሚለው የሥልጠናው ደንብ ለፈረንጁ ከሚጠቅመው በላይ ለእኛ እንደሚጠቅም ገባኝ። ስሙን ትቼ ምልክቶቹን ቆጠርሁላት፤ እንቅልፍ አጥቷል፣ ምግብ ቀንሷል፣ ከጓደኞቹ ርቋል፣ ያለውንም እርሱ ባለበት ነገርኋት። ትንሽ ዝም ብላ ‹እኔስ መች ተኛሁ› አለች። ከዚያ በኋላ መነጋገር ቻልን። ጠበል እወስደዋለሁ አለች፤ አልተከራከርኋትም፣ አምስተኛው ተግባር የእምነትን ድጋፍ ቦታ ይሰጠዋልና። ነገር ግን ለዚያች ሌሊት መድኃኒቶችን ቆልፋ እንድታስቀምጥ፣ በማግሥቱም ከጠበሉ ጎን ለጎን ወደ ሕፃናት ሐኪሙ እንድትወስደው ጠየቅኋት። የሕፃናት ሐኪም ለአበሻ ወላጅ የማያሳፍር በር ነው፤ ክትባት የተወጋበት ክሊኒክ ስለሆነ ‹ሰው ምን ይላል› የለበትም፣ ሐኪሙም ወደሚመለከተው ይልከዋል። 988 በስልክ ለሚደውል አስተርጓሚ ሊያቀርብ እንደሚችልም ነገርኋት፤ የጽሑፍ መልእክቱ ግን የሚሠራው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው።

ከዚህ ጋር ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር፣ ለልጅ ‹ለማንም አልናገርም› ብሎ ቃል መግባት አደገኛ መሆኑ ነው። የደኅንነት ስጋት ሲኖር መናገር ግድ ነው፤ በልጅ ላይ የሚፈጸም በደል ሲጠረጠርም በሕግ የሚጠየቅ የማሳወቅ ግዴታ ስላለ፣ ፕሮግራሞች ያንን ሥልጠና ከዚህ ለይተው መስጠት አለባቸው። አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

ጊዜ ለሌላቸው ኪው-ፒ-አር የሚባል አጭር ሥልጠና አለ፤ ጠይቅ፣ አሳምን፣ ምራ በሚሉ ሦስት ቃላት የተዋቀረ ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ የሚያተኩረውም ራስን በማጥፋት ላይ ብቻ ነው። ለጊዜያዊ የክረምት ሠራተኛ ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ ከልጅ ጋር ለሚውል ግን ረጅሙን እመርጣለሁ፤ ልጁ ጥያቄው ከሚጠየቅበት ቀን በፊት ለሳምንታት በዝምታ ይናገራልና፣ ያንን ማንበብ የሚያስተምረው ረጅሙ ነው። ይህን ስል ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት የሠልጣኙ እውቀትና ድፍረት እንደሚጨምር መሆኑን አልዘነጋም፤ እርዳታ ያገኙት ልጆች ምን ያህል እንደተጠቀሙ ማሳየት ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኗል።

ለኃላፊዎች የምለው ስለ ደመወዝ ነው። በራስ ጊዜ የሚሠራውን የሁለት ሰዓት ክፍል እኛ ያለ ክፍያ፣ ከሺፍት በኋላ፣ እንቅልፍ እያዳፋን ነው የጨረስነው፤ አንዳንዱ ቪዲዮውን አጫውቶ ሳህን ሲያጥብ እንደነበር አውቃለሁ፣ ከነዚያ አንዱ እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር ከሠለጠኑትም ሦስቱ ዓመት ሳይሞላቸው ሌላ ሥራ አግኝተው ለቀቁ። ምስክር ወረቀቱ የማእከሉ ሳይሆን የሰውየው ነው፤ ሰውየው ሲለቅ አብሮት ይወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሠራተኛውን በሙሉ አሠልጥኖ ፎቶ ከመነሣት፣ በየመስከረሙ አዲስ ለሚገቡት ቦታ ማስያዝ ይሻላል።

የእኔ ምስክር ወረቀት በመጪው ዓመት ጊዜው ያልፍበታል፤ በአካል የሚሰጠውን መርጬ አድሰዋለሁ። የጎደለን አንድ ገጽ አሁን ተጽፎ በመክሰስ ቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል። በመጀመሪያ የኃላፊዋ የእጅ ስልክ፣ ቀጥሎ የአካባቢያችን የድንገተኛ የአእምሮ ጤና መስመር፣ ከዚያ 988 ይከተላሉ፤ ከግርጌው ደግሞ አማርኛ፣ ትግርኛና ስፓኒሽ ከወላጅ ጋር መነጋገር የምንችል ሠራተኞች ስምና የምንገባበት ቀን አለ። የመጨረሻው መስመር ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ተጽፏል፤ ለረቡዕ ትግርኛ የሚናገር ሰው እስካሁን አላገኘንም።