የሕመም ፈቃድ ክፍያ በደሴና ኮምቦልቻ፦ ለመጀመሪያው ሕመም ደህና፣ ለሁለተኛው ቆንጣጣ

ጠዋት በሰርቪስ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚገባ ሠራተኛ በዓመት ሁለቴ ቢታመም፣ ሁለተኛው እንዴት ይከፈለዋል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ ትክክለኛ ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

የሙከራ ጊዜውን (ቢበዛ 60 የሥራ ቀን) የጨረሰ ሠራተኛ፣ መጀመሪያ ከታመመበት ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው። አንዱ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። ቀኖቹ ቢከታተሉም ቢቆራረጡም ይደመራሉ፤ የበሽታው ዓይነት ቆጠራውን አይለውጠውም። «ይሄኛው እኮ ሌላ ሕመም ነው» የሚለው ክርክር ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍል) በር ላይ ያልቃል።

ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በጥቅምት በታይፎይድ 20 ቀን ተኛ እንበል። በየካቲት ደግሞ ቤት ውስጥ ወድቆ እጁ ተሰበረና 40 ቀን ዕረፍት ተጻፈለት። ወሩን በ30 ቀን ካሰብነው ከሙሉ ክፍያው የተረፈው 10 ቀን ብቻ ነው፦ 2,000 ብር። የቀረው 30 ቀን በግማሽ 3,000 ብር። ከአዲስ ቢቆጠርለት 7,000 ያገኝ ነበር፤ 5,000 ደረሰው። የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና የአሠሪው ውል) ያለበት ፋብሪካ ከሕጉ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል ማኅበሩን መጠየቅ አይከፋም።

ኤች አርም ይሳሳታል፤ ዋናው ስሕተት ዓመቱን ከሐምሌ 1 ወይም ከመስከረም 1 መጀመር ነው። የመጀመሪያው ሕመም ጥቅምት 10 ከጀመረ ዓመቱ የሚዘጋው በቀጣዩ ጥቅምት 9 ነው። ከዚያ ወዲያ ለሚጀምር ሕመም የሙሉ ደመወዙ ወር ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲክ ሊቭ (የሐኪም ዕረፍት ወረቀት) ኮፒ አይጣልም።

ሁለተኛው ሕመም ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማሽን የቆረጠው ጣት ከታይፎይዱ ጋር አይደመርም፦ ሦስት ወር ሙሉ፣ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋም እዚሁ ይገባል። ሐረጎ ላይ ሰርቪሱ ተገልብጦ የተጎዳ ሰው ወረቀቱ ላይ «ስብራት» ብቻ ተጽፎለት ከመጣ፣ ፔሮል (ደመወዝ ክፍሉ) እንደ ተራ ሕመም ሊቆጥርበት ይችላል። አደጋው የት፣ መቼና በምን እንደደረሰ ካርዱ ላይ እንዲሰፍር ሐኪሙን ያኔውኑ መጠየቅ ነው።

የሕመም ፈቃዱ ደካማ ጎን ወረቀቱ ነው። ማስረጃው መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም መሆን አለበት፤ የመድኃኒት ማዘዣ አይተካውም። (ጸበልም ዱዓም የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ሲክ ሊቭ ግን አይጽፉም።) ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የቀኑ ብዛት፣ ፊርማና ማኅተም ከበር ሳይወጡ ይታያሉ። «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብሎ ቀን የማይቆጥር ወረቀት ይመለሳል። ቀኑ 10/2/17 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ጥቅምት 10 ይሁን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ አይታወቅም፤ የወሩን ስም በፊደል ማስጻፍ ይሻላል። ዕረፍቱ ከተራዘመ አዲሱ ወረቀት አሮጌው ካለቀበት ማግስት መጀመር አለበት፤ በመሃል እሑድ እንኳ ቢዘለል ጥያቄ ያስነሣል።

መቅረቱን በማግሥቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ አሠሪው የሚያውቅበት ሁኔታ ካለ ወይም ማሳወቅ ካልተቻለ በስተቀር። በስልክ ከተነገረ በኋላ ለቅርብ ኃላፊው የጽሑፍ መልእክት መላክ ለማስረጃ ይበጃል። ክፍያው ተቆርጦ ከመጣ የደመወዝ ዝርዝሩን ከወረቀቶቹ ጋር ቀን በቀን አስተያይቶ በጽሑፍ መጠየቅ ይቀድማል። መልስ ከጠፋ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ ለሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ የደመወዝ ጥያቄ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል።