ከስምንት ወር በኋላ፦ እህቴ ያመጣችልኝ ከለር

ለመጨረሻ ጊዜ ከለር የያዝኩት ለእንቁጣጣሽ ነው። አደይ አበባና መልአክ ስዬ በየጎረቤቱ አዞር ነበር። ስድስተኛ ክፍል ብሆን ነው። ሁሌም ቀድሞ የሚያልቀው ቢጫው ነው፤ በእሱ ከታላቅ እህቴ ጋር ስንቴ ተጣልተናል።

ባለፈው ጥቅምት ይህችው እህቴ ከፍራንክፈርት ስትመጣ ፖሊክሮሞስ የሚባል ባለ 36 ቀለም የከለር እርሳስ ይዛልኝ መጣች። የቆርቆሮ ሳጥኑን ሳየው ለልጄ መስሎኝ ነበር። «ያንተ ነው፤ እሱ እንዳይነካው» አለችኝ። ሳቅኩ። አርባ ሊሞላኝ ነው እኮ!

የሚሠራው የጀርመኑ ፋበር ካስቴል ነው፤ ድርጅቱ በፈረንጆቹ 1761 የተቋቋመ ነው። ብዙ ከለሮች ቀለማቸው በሰም የተያዘ ነው፤ የዚህኛው ግን በዘይት። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ጫፉ ቶሎ አይዶለዱምም። በሰም የተሠራው ወፍራም ሆኖ ሲቀባ ከቀናት በኋላ ነጣ ያለ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል፤ በዚህ እስካሁን አላየሁም።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን አላስደሰተኝም። ጥፋቱ የራሴ ነው። እንደ ልጅነቴ ተጭኜ እቀባለሁ፤ ወረቀቱም ከቢሮ ያመጣሁት የፕሪንተር ወረቀት። ሁለቴ ስደርብ ልሙጥ ይሆንና ሦስተኛውን ቀለም አልይዝ ይላል። ወፈርና ሻከር ያለ የሥዕል ደብተር ስገዛ ሌላ ከለር የገዛሁ መሰለኝ። እንደኔ እንደኔ ገንዘብ ካጠረ ባለ 12ቱን ገዝቶ ጥሩ ወረቀት መጨመር ይሻላል።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ጀበና ስስል ነው። የእናቴ ጀበና ጥቁር ነው ብዬ በጥቁሩ ከለር ሞላሁት። የወጣው ጀበና ሳይሆን ጉድጓድ ነው የሚመስለው። በማግስቱ መስኮቱ ጋ አስቀምጬ በደንብ አየሁት። ለካ ሆዱ ቡናማ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቡናማውን በስሱ፣ በላዩ ጠቆር ያለውን ሰማያዊ፣ እንደገና ቡናማውን። ስድስት ሰባት ጊዜ ደረብኩ። ጥቁሩን ያነሳሁት መጨረሻ ላይ ለታችኛው ጠርዝ ብቻ ነው። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። እናቴ «ጀበናዬን መቼ ነው የምትመልሰው?» እያለች፣ እኔ «ዛሬን ብቻ» እያልኩ። በልጅነቴ አንድ ገጽ በአምስት ደቂቃ ነበር የምጨርሰው፤ እንዲህ ቀስ ማለት ደስ እንደሚል ማን ነግሮኝ!

ነጩን ከለር ብዙ አትመኑበት። የማንኛውም ከለር ነጭ ጨለማ ቀለም ላይ እምብዛም አይታይም። የሚያበራውን ቦታ ከመጀመሪያው ባዶ መተው ነው። ጀበናው ላይ ያለው ጭረት ብርሃን ያልተነካ ወረቀት ነው።

መቅረጫ ላይ አትሰስቱ። ከሱቅ በርካሽ የገዛሁት ስለቱ ደንዝዞ ሁለት ጫፍ ሰበረብኝ። እርሳሶቹ ክብ ስለሆኑ ደግሞ ይንከባለላሉ። አንዱን በክርኔ ገፍቼ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት፤ ከውጭ ምንም አልሆነም፣ ውስጡ ግን ተሰባብሮ በቀረጽኩት ቁጥር ይወልቃል። አሁን ፎጣ አጥፌ እሱ ላይ ነው የምደረድራቸው።

እርሳሱ ላይ ያሉትን ኮከቦችም እዩ። ሦስት ኮከብ ያለው ብርሃን ላይ ቶሎ አይደበዝዝም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ እነሱን መምረጥ ነው።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ስጦታ ባይሆን ኖሮ አልገዛውም ነበር፤ አሁን ግን ቢጠፋብኝ አጠራቅሜ እገዛዋለሁ። በነጠላም ስለሚሸጥ፣ ስምንት ወር ሙሉ ቤት፣ ምጣድና ጀበና ስስል አልቆ ግማሽ የደረሰውን ቀለም እንድታመጣልኝ ለእህቴ ደወልኩላት።

«ቢጫውን ነው?» አለችኝ።

ቡናማውን ነው።